ወታደሩ ጅማ ሲደርስ፦ የሠራዊቱ ሕክምና የሚበጠስባቸው ቦታዎች

የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲጀመር የወታደር ሆስፒታል ነበር። በ1930 ዓ.ም. ያቋቋመው ጣሊያን ነው፤ ለራሱ ወታደሮች። ወራሪው ከወጣ በኋላ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠራ፣ ኋላም ጅማ ሆስፒታል ተባለ። አሁን የደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ የሚታከምበት ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ሆኗል። ወታደር ግን መምጣቱን አላቆመም። ከአውደ ውጊያ በቃሬዛ ሳይሆን ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከአጋሮና ከሊሙ በሚኒባስ ይመጣል። አንዱ በሕክምና ቦርድ ውሳኔ የተሰናበተ ነው፣ ሌላው ለእረፍት ፈቃድ ወላጆቹ ዘንድ የመጣ፣ ሌላው ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ሥጋው ውስጥ ይዞት የገባው ፍንጣሪ ዛሬ መግል የቋጠረበት አዛውንት።

የሠራዊቱን ሕክምና ስለማሻሻል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሕንፃ፣ ወደ ሲቲ ስካንና ወደ ስፔሻሊስት ቁጥር ይሮጣል። እነሱ አያስፈልጉም የሚል የለም። ሊድን የሚችል ወታደር በብዛት የሚጠፋው ግን ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ ነው፤ ወዲህ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች፣ ወዲያ ከተሰናበተ በኋላ ባሉት ዓመታት። የፊተኛው ጫፍ በሠራዊቱ እጅ ነው። የኋለኛው በጅማና ጅማን በመሳሰሉ አካባቢዎች ጤና ጣቢያዎችና ካርድ ክፍሎች እጅ ላይ ወድቋል፤ እነሱ ደግሞ ወታደር እያከሙ መሆናቸውን ብዙ ጊዜ አያውቁም።

ሆስፒታል ሳይደረስ

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት የሞቱባቸውን 4,596 ወታደሮች መርምረው ነበር። 87 በመቶው የሞቱት ሕክምና ቦታ ሳይደርሱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 976ቱ፣ ሩብ ያህሉ ማለት ነው፣ ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኙን የገደላቸው ደግሞ መድማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የያኔው የመከላከያ ሚኒስትራቸው ሮበርት ጌትስ ቁስለኛ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሕክምና ቦታ ይድረስ ብለው ካዘዙ በኋላ መካከለኛው የማጓጓዣ ጊዜ ከ90 ደቂቃ ወደ 43 ደቂቃ ወረደ።

ያ ትእዛዝ የቆመው ግን በሄሊኮፕተር ላይ ነው። ገደልና ጭቃ በበዛበት፣ ቁስለኛ በሰው ትከሻ ወርዶ በአይሱዙ ጀርባ በሚጓዝበት አገር 60 ደቂቃን መመኘት ይቻላል፤ በእሱ ላይ ማቀድ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሸክሙ አጠገቡ ወዳለው ጓድ ይዞራል። ሐኪሙ ሩቅ ነው።

ያ ጓድ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ቱርኒኬት (በዘንግ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ማሰርን ነው። ከእጅ ወይም ከእግር ደም ሲንፎለፎል ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ በጉልበት ወይም በክርን መገጣጠሚያ ላይ አይሆንም። ጨለማ ሆኖ ቁስሉ ካልታየ በልብሱ ላይ፣ እስከ ታፋው ወይም እስከ ክንዱ ሥር ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። ዘንጉ ከመጠምዘዙ በፊት ማሰሪያው ራሱ በደንብ መሳብ አለበት፤ ላላ ብሎ የተጀመረ በመጠምዘዝ ብቻ አይጠብቅም። ደሙ እስኪቆምና ከበታቹ ያለው የደም ሥር ትርታ እስኪጠፋ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ የታሰረበት ሰዓት በግልጽ ይጻፋል። ሕመሙ ከባድ ነው። ቁስለኛው ስለጮኸ ማላላት ግን እሱን መግደል ነው።

በሲባጎ ወይም በሱሪ ቀበቶ ብቻ የታሰረ እግር ጭራሽ የባሰ ሊደማ ይችላል። እንዲህ ያለው ማሰሪያ ላይ ላዩን ያለውን ደም መላሽ ሥር ይዘጋል፣ ጠለቅ ያለውን ደም ወሳጅ ግን አይደርስበትም፤ የገባው ደም መመለሻ ሲያጣ በቁስሉ ይወጣል። ሌላ ነገር ከጠፋ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጨርቅና የማይሰበር ዱላ ያስፈልጋል፤ የሚያጠብቀው ዱላው ነው። ለግዢ ክፍሎችም አንድ ነገር መባል አለበት። በርካሽ የሚሸጡ አስመስለው የተሠሩ ቱርኒኬቶች ዘንጋቸው ሲጠመዘዝ ሊታጠፍ ወይም ሊሰበር ይችላል። ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂቱን አውጥቶ በወፍራም ታፋ ላይ እስከ መጨረሻው አጥብቆ መሞከር ገንዘብ አይጠይቅም፤ በልምምድ ላይ የዋለው ደግሞ ተመልሶ ወደ ቁስለኛ ቦርሳ መግባት የለበትም።

ሌላው ስህተት ያሰሩትን መርሳት ነው። በዩክሬን ጦርነት ሳያስፈልግ የታሰረ ወይም ለሰዓታት የተረሳ ቱርኒኬት እግር ማሳጣቱ በሰፊው ተዘግቧል። ከታሰረ 2 ሰዓት ካልሞላውና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ ቁስሉ በጎዝ ተጠቅጥቆ ቱርኒኬቱ በግፊት ፋሻ ይተካል። 6 ሰዓት ካለፈ ግን ከሆስፒታል ውጭ አይፈታም፤ ከሞተው ጡንቻ የሚለቀቀው ፖታሲየም ልብ ሊያቆም ይችላል። ሰዓቱን የመጻፍ ነገር የወረቀት ሥራ የሚመስለው ይህን ለማያውቅ ሰው ነው።

ቱርኒኬት የማይታሰርባቸው ብሽሽት፣ ብብትና አንገት ላይ የሚያዋጣው ጎዝ መጠቅጠቅ ነው። ጎዙ በጣት እየተገፋ የሚደማው ሥር እስኪነካ ድረስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ደም የሚያረጋ መድኃኒት ያለበት ከሆነ 3 ደቂቃ፣ ተራ ጎዝ ከሆነ 10 ደቂቃ ሳይነሳ ይጫናል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ላይ ነው፤ ተጫኙ በየግማሽ ደቂቃው «ቆመ ወይ?» ብሎ ያነሳና የረጋውን ደም አብሮ ያነሳዋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ ትልቅ ቦታ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው፣ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ጉዳተኞችን ያሳተፈው ክራሽ-2 ጥናት 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ከዚያ 1 ግራም በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከጉዳቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ የተጀመረ ግን በመድማት የሚከተለውን ሞት ጨምሮታል። መድኃኒቱ ከወሊድ በኋላ ለሚደሙ እናቶችም ስለሚሰጥ አዋላጆቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ጥያቄው መድኃኒቱ አገር ውስጥ አለ ወይ ሳይሆን በሻምበሉ የሕክምና ቦርሳ ውስጥ አለ ወይ ነው። የማደንዘዣው መድኃኒት ኬታሚንም እንዲሁ፤ 50 ሚሊ ግራም በጡንቻ ሲወጋ ትንፋሽና የደም ግፊት ሳይጥል ሕመም ያስታግሳል፣ ኦፕራሲዮን ክፍሎቻችን ደግሞ ለዓመታት የኖሩት በእሱ ነው።

ቅዝቃዜ ችላ ይባላል። የደማ ሰው በበጋ ፀሐይም ይበርደዋል፤ የበረደው ደም ደግሞ አይረጋም። ብርድ ልብሱ ከላይ ከመሸፈኑ በፊት ከጀርባው ሥር መነጠፍ አለበት፤ ሙቀቱን የሚወስድበት መሬቱ ነውና። ግሉኮስና ኖርማል ሳላይን በሊትር በሊትር መልቀቅም ከዚሁ ወገን ጥፋት ነው። ደሙን ያቀጥናል፣ ያበርዳል፣ ግፊቱን ከፍ አድርጎ የረጋውን ይነቅላል። የጭንቅላት ጉዳት ከሌለ የእጁ ትርታ እስኪዳሰስ ብቻ መስጠት ይበቃል። የጠፋው ደም ነው፣ የሚተካውም በደም ነው።

ደም ደግሞ በ2 እና በ6 ዲግሪ መካከል ተቀምጦ 35 ቀን የሚቆይ ነገር ነው። ፍሪጅና ጄኔሬተር ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ክፍል መብራት በጠፋ ቀን ባዶውን ይቀራል። መጠባበቂያው ሰው ነው። በየክፍሉ የኦ ደም ያላቸውን አስቀድሞ ለይቶ፣ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ መርምሮ ዝርዝራቸውን መያዝ፤ ባስፈለገ ሰዓት በፈጣን መመርመሪያ ደግሞ ደማቸውን መቅዳት። በጅማ ለሚገኘው የደም ባንክም ይህ ባዕድ አይደለም፤ የካምፕ ወታደር በሦስት ወሩ የሚለግስ፣ የደም ዓይነቱ በካርድ የተያዘ ለጋሽ ቢሆን ባንኩም ሠራዊቱም ያተርፋሉ።

ቁስል አይሰፋም

የጥይትና የፍንጣሪ ቁስል ከቢላ ቁስል ይለያል። ጥይቱ ሲያልፍ ልብስ፣ አፈርና ሣር ይዞ ይገባል፤ በመንገዱ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ይገድላል። የጦርነት ቀዶ ሕክምና ሕግ አጭር ነው፦ የሞተውን ቁረጥ፣ እጠብ፣ ክፍት ተው፣ ከ4 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ዝጋ። ጡንቻው መሞቱ በአራት ነገር ይታወቃል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሲይዙት ይላላል፣ ሲቆነጥጡት አይኮማተርም፣ ሲቆርጡት አይደማም። ከቆዳው ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይነሳል፤ ቆዳ ብርቱ ነውና።

ንጹሕ መስሎ ወዲያው የተሰፋ ቁስል በሦስተኛው ቀን ውስጡ አየር አልባ ሆኖ ጋንግሪን ሊያፈላ ይችላል። የተቃራኒው ስህተት ዎርድ ውስጥ ያለው ነው። በትክክል የተቆረጠና ክፍት የተተወ ቁስል በየማለዳው ይገለጣል፣ ይታጠባል፣ ይታሸጋል። በዚህ ቁስለኛው በከንቱ ይሰቃያል፣ መድኃኒት የተላመደውም የሆስፒታል ባክቴሪያ መግቢያ ያገኛል። ትኩሳት፣ ሽታ ወይም የሚጨምር ሕመም ከሌለ ወፍራሙ ደረቅ ጎዝ እስከ አምስተኛው ቀን ባይነካ ይሻላል። ለሁሉም ቁስለኛ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ ማዘዝም ልማድ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን በደንብ ለተቆረጠ ቁስል ፔኒሲሊን ይበቃል፣ በደንብ ላልተቆረጠው ደግሞ የትኛውም አንቲባዮቲክ አያድነውም።

ስለ ቲታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) አንድ ቃል። ሴቶች በእርግዝና ምክንያት ይከተባሉ፤ ወጣት ወንዶች ከልጅነታቸው ወዲህ ክትባት የነካቸው ጥቂት ናቸው። ሠራዊት ደግሞ በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። በምልመላ ቀን አንድ፣ ከ4 ሳምንት በኋላ ሁለተኛ፣ ከ6 ወር በኋላ ሦስተኛ መርፌ። ሥልጠናው ሳያልቅ ሁለቱ ያልቃሉ፤ ሦስተኛውን የሚያስታውስ ግን መዝገብ ያስፈልጋል።

ከቦርድ በኋላ

ከዚህ በኋላ ያለው የጅማ ጉዳይ ነው።

ጅማ ወባ የሚያውቅ ሐኪም አታጣም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኛ ሲመዘገብ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው ኦሮሚያ ነበረች። ሆኖም ከቆላ ግንባር የተመለሰ ወታደር በየሁለት ወሩ የሚያገረሽ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ሲይዘው በየጊዜው እንደ አዲስ ይታከማል። ክሎሮኪን ደሙን ያጸዳል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን አይነካም። የተኛውን የሚነቅለው ፕሪማኩዊን ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 15 ሚሊ ግራም ለ14 ቀን። የሚበላሸው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ትኩሳቱ ስለለቀቀው ክኒኑን ይተዋል። ፕሪማኩዊን ቀይ የደም ሴሎቹን የሚያፈርስበትን ሰው የሚለየው የጂ6ፒዲ ምርመራ ባለበት አስቀድሞ መመርመር፣ በሌለበት ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ አቁሞ እንዲመጣ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል።

ካላ አዛር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ጅማ አካባቢ የተለመደ ስላልሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ሁመራ ወይም መተማ የከረመ ወታደር በአሸዋ ዝንብ ተነድፎ ምልክቱ ከወራት በኋላ አገሩ ገብቶ ይጀምረዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የደም ማነስ። ጤና ጣቢያው ታይፎይድ ይለዋል፣ ቀጥሎ ሳምባ ነቀርሳ ይጠረጥራል። አርኬ39 የተባለው ፈጣን ምርመራ ከጣት ደም በደቂቃዎች ይነግራል፤ ሕክምናው በሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና በፓሮሞማይሲን 17 ቀን ነው። ያለ ሕክምና ሁሉንም ማለት ይቻላል ይገድላል። ይህን ሰው የሚያድነው ማሽን አይደለም። «የት ነበርክ?» የሚል ጥያቄ ነው።

እግሩን ያጣው ሰው መከራ ረጅም ነው። ጥሩ ጉቶ (ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው የእግር ክፍል) የሚጀምረው በቆራጩ ሐኪም እጅ ነው፤ ከጉልበት በታች ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አጥንት ቢቀር ይመረጣል፣ ቀጭኑ አጥንት ከወፍራሙ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፣ የወፍራሙ የፊት ጠርዝ ይሞረዳል። ካልተሞረደ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥፋት የሚያደርሰው ርኅራኄ ነው። አስታማሚው እንዲደላው ብሎ ከጉቶው ሥር ትራስ ያደርጋል፤ በወሩ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀራል፣ የታጠፈ ጉልበት ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር አይሸከምም። ትራሱ ይነሳ፣ ጉልበቱ ይዘርጋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት በሆዱ ይተኛ። ይህን ለመናገር ፊዚዮቴራፒስት መሆን አያስፈልግም፤ ዎርዱ ያለች ነርስ ትበቃለች።

የአካል ድጋፍ ማዕከሎች በብዛት የሚሠሩት የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ባስፋፋው የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ነው። ርካሽና ብርቱ ነው፣ ነገር ግን ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ ለአዋቂ ሰው በሦስት ዓመት ገደማ ይቀየራል፣ እግር መዳፉ ከዚያም ቀድሞ ይሰነጠቃል። ጅማ ደግሞ እግር የምትበላ አገር ናት፤ ክረምቱ ረጅም ነው፣ የቡና ማሳው ተዳፋት ነው። ሙስሊሙ ወታደር በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋል። ፕላስቲኩን ውኃ አይጎዳውም፤ ጉዳቱ ከውስጥ ያለው ስፖንጅና ካልሲ እርጥብ ሆኖ ጉቶውን ሲልጠው ነው። ሁለት ሦስት ተቀያሪ የጥጥ ካልሲ ይኑረው፣ አጥልቆ ከመነሳቱ በፊት ጉቶውን አድርቆ ይጥረግ፣ በሳሙና መታጠቡን ለማታ ያድርገው፤ ጧት የታጠበ ቆዳ ሶኬት ውስጥ (ጉቶው የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል) ሲገባ እርጥበቱ ገና አልወጣለትም። ቀይ ሆኖ በ20 ደቂቃ ውስጥ የማይጠፋ ምልክት ካየ እግሩን አውልቆ ይጠገንለት። ማዕከል ያላቸው ከተሞች ጥቂት ስለሆኑ ጥገናው ቢረክስም መንገዱ ውድ ይሆናል፤ ብዙ ሰው በተሰነጠቀ እግር ዓመት የሚከርመው በዚህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሻጋታ መውሰጃ ጄሶና መጠገኛ ይዞ ወደ ጅማ የሚመጣ ተንቀሳቃሽ ቡድን ከአዲስ ሕንፃ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

የቀረ ብረትን በተመለከተ አጭር ነው። ሁሉም ፍንጣሪ አይወጣም። መገጣጠሚያ ውስጥ ያለ፣ መግል የያዘ ወይም ነርቭ የተጫነ ይወጣል፤ ሌላው ይተዋል። በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት ግን የቀረ ብረት መኖሩን መጠየቅ ግዴታ ነው።

የአእምሮ ጉዳቱ በሌላ ስም ይመጣል። ወታደሩ «ቅዠት አስቸገረኝ» ብሎ አይመጣም፤ ራሴን፣ ልቤን፣ ጨጓራዬን ይላል። የጨጓራውን ኦሜፕራዞልና የሕመም ማስታገሻውን ትራማዶል ይዞ ይመለሳል፣ በዓመቱ የትራማዶል ሱሰኛ ይሆናል። በጅማ ከዚህ ላይ ጫት አለ፤ ከሰዓት ምርቃና፣ ማታ ለመተኛት ጨብሲ፣ ሌሊት ቅዠት፣ ጧት ድካም። አምስት የአዎን ወይም የአይደለም ጥያቄ ያለው ማጣሪያ አለ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ አዎን ያለ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ብቻ ቢሆኑ በዚህ ዞን ግማሽ ሥራ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም መጠየቅ አለባቸው። ከተገኘ ትኩረቱን በደረሰበት ነገር ላይ ያደረገ የንግግር ሕክምና ይቀድማል፤ ካልተገኘ ወይም ካልበቃ ከድብርት መድኃኒቶች ሰርትራሊን 50 ወይም ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም በቀን። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ይህ ካልተነገረው በአሥረኛው ቀን ይጥለዋል። የማረጋጊያው ክኒን ዲያዜፓም የሚመች ቢመስልም ለዚህ ሕመም አይመከርም። ጸበል የሚሄደውንም ሆነ ሼኹ ዘንድ ቁርአን የሚቀራለትን «ተው» ማለት ትርፍ የለውም፤ ክኒኑን ሳያቋርጥ እንዲሄድ መስማማት ይሻላል።

አንድ ገጽ

ይህ ሁሉ የሚያያዘው በወረቀት ነው። የተሰናባች ወታደር መውጫ ማጠቃለያ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም፤ የደም ዓይነት፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ የቆሰለበት ቀንና ቦታ፣ የተሠራለት ኦፕራሲዮን፣ የቀረ ብረት የት እንዳለ፣ ምን እንደተከተበ፣ አሁን የሚወስደው መድኃኒትና የሚያበቃበት ቀን፣ የቦርዱ ውሳኔ። ተቃውሞው የታወቀ ነው፤ የክፍለ ጦር ስምና የሰፈረበት ቦታ ምስጢር ነው ይባላል። ልክ ነው፣ ሐኪሙም አያስፈልገውም። «ቆላ፣ ወባና ካላ አዛር ያለበት አካባቢ፣ ከስንት ወር እስከ ስንት ወር» ቢባል ይበቃዋል። ዋናው ከወታደሩ እጅ፣ ግልባጩ በሚኖርበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ፎቶው በስልኩ።

ወረቀት ሳይኖረው ለሚመጣው ደግሞ ካርድ ክፍሉ አንድ መስመር ይጨምር፦ «ሠራዊት ውስጥ አገልግለዋል? መቼ፣ በየትኛው አካባቢ?» በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ከሆነ የሪፈር ሰንሰለቱ ከጤና ጣቢያ እንደሚጀምር በዚያው ይነገረው፤ ዘሎ በቀጥታ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የመጣ ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል። ክትትሉን ማን ይሥራው ለሚለው ጅማ መልስ አላት። በ1975 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና እሱን የወረሰው ዩኒቨርሲቲ የሚታወቁት ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርት ነው፤ ተመራቂ ተማሪዎቹ ከተለያየ ሙያ በቡድን ተዋቅረው ለሳምንታት ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። እነዚህ ቡድኖች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በየቀበሌው ያሉትን ተሰናባቾች ቢመዘግቡ፣ ጉቶ ቢያዩ፣ ፕሪማኩዊኑ ማለቁን ቢጠይቁ፣ አምስቱን ጥያቄ ቢጠይቁ አዲስ በጀት አይፈልግም። የሚያስፈልገው መከላከያው የተሰናባቾቹን ዝርዝር ለዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲሰጥ የሚያስችል ስምምነት ነው፤ ወታደሩ ፈቃዱን በፊርማው የሰጠበት፣ ከሕክምና ውጭ ለሌላ ነገር የማይውል ዝርዝር።